30 ሚሊ ሻፍት፣ ሶስት የተለያየ ቁጥር፦ የትኛውን ልመን ላልከኝ ወንድሜ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። አዳማ ቶርኖ ቤት ያለው ወንድማችን 6206 ለሚባለው የኩሽኔታ ሳይዝ የሚሆን የወፍጮ ሻፍት (የሚዞር የብረት ዘንግ) ሰራ። በዲጂታል ካሊፐር (በሚንሸራተት መንጋጋ የሚለካው) ሲለካው 30.02 አለው፣ ከጎረቤት በተዋሰው ከ25 እስከ 50 ሚሊ የሚለካ ማይክሮሜትር (በብሎን የሚሰራው መለኪያ) ደግሞ አንዴ 29.98 አንዴ 30.48 አነበበ፣ ኩሽኔታው በእጅ ገባለት፣ ወፍጮው ስራ ሲጀምር ግን ሻፍቱ ኩሽኔታው ውስጥ እየዞረ ተበላና ደንበኛው መልሶ አመጣው። የትኛውን ቁጥር ልመን፣ ምንስ መለኪያ ልግዛ ነው የሚለው።

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ሶስቱንም ቁጥር ጻፍክልኝ፣ ብዙ ሰው "መለኪያዬ ይዋሻል" ብቻ ብሎ ነው የሚጠይቀው ከዛ ምን ብለህ እንደምትመልስለት ይጨንቅሃል። ያንተ ቁጥሮች ግን ራሳቸው ብዙ ያወራሉ። መጀመሪያ ካሊፐሩንም ማይክሮሜትሩንም ወደጎን አድርግና ኩሽኔታው የነገረህን ስማ። የ6206 ቀዳዳ 30 ሚሊ ይባላል እንጂ ኖርማል ክላስ (ተራው የጥራት ደረጃ) የሆነውን ፋብሪካው የሚሰራው ከ29.990 እስከ 30.000 ባለው መሀል ነው፣ ከ30 ይቀንሳል እንጂ አይበልጥም። ሻፍትህ እውነት 30.02 ቢሆን ኖሮ በእጅ ሞክረህ አይገባም ነበር፣ ፕሬስ ወይ ማሞቅ ይፈልግ ነበር። በእጅ ዘው ካለ ሻፍቱ ከቀዳዳው ያንሳል፣ ማለትም ከ30 በታች ነው፣ በቃ (ኩሽኔታው ፎርጅድ ካልሆነ ነው)። ስለዚህ ካሊፐሩ ከጨዋታ ወጥቷል።

አሁን ማይክሮሜትሩ። 29.98 እና 30.48፣ ልዩነታቸውን አየኸው? ልክ 0.50 ነው። እንደዚህ ግማሽ ሚሊ የሚዘል ልዩነት ስታይ መሳሪያውን አትጠርጥር፣ አነባበብህን ጠርጥር። የማይክሮሜትር ብሎን በአንድ ዙር 0.5 ሚሊ ነው የሚሄደው፣ የሚዞረው ከበሮ ላይ 50 መስመር አለ፣ እያንዳንዱ 0.01 ነው፣ ስለዚህ አንድ ሚሊ ለመሄድ ሁለት ዙር ይፈልጋል። የማይዞረው እጀታ ላይ ደግሞ ከመሀል መስመሩ ባንድ በኩል ሙሉ ሚሊዎቹ በሌላው በኩል ግማሾቹ አሉ። ያንተ ላይ የሆነው ይሄ ነው፦ የ29.5 መስመር በደንብ ወጥቷል፣ ከበሮው 48 ላይ ነው፣ ያ ማለት 29.5 ሲደመር 0.48፣ 29.98። ግን ከበሮው 48 ላይ ሲሆን የ30 መስመር ለመውጣት 0.02 ሚሊ ብቻ ነው የቀረው፣ ጠርዙ ስር ብቅ ያለ ይመስላል፣ አንተም አንዴ ቆጠርከው አንዴ ሳትቆጥረው ቀረህ። መድሀኒቱ ቀላል ነው፣ ከበሮው ከ45 እስከ 49 ባለው ላይ ከሆነ ያ አሁን ብቅ ያለ የሚመስለው መስመር ገና ነው፣ አትቁጠረው። ከበሮው 1 ወይ 2 ላይ ከሆነ ደግሞ መስመሩ በደንብ ባይታይህም አልፏል፣ ቁጠረው። ለነገሩ ማይክሮሜትር ከመያዝህ በፊት በካሊፐር አንዴ ብታየው የግማሽ ሚሊ ስህተት አያመልጥህም፣ ካሊፐር ለዚህ ለዚህ ምርጥ ነው።

እሺ 29.98 ይሁን። ግን 29.98 ራሱ እውነት ነው ወይ? እዚህ ጋ ነው ዋናው ጉዳይ፣ ረዘም አድርጌ የምጽፍልህም ለዚህ ነው። ከ0 እስከ 25 የሆነ ማይክሮሜትር ሲዘጋ ዜሮ ካላለ ወዲያው ታየዋለህ። ከ25 እስከ 50 ያለው ግን አይዘጋም! መነሻው 25 ነው፣ ዜሮውን የምታየው አብሮት በሚመጣው 25 ሚሊ ስታንዳርድ ባር (ልኩ የታወቀ ዘንግ) ነው። የተዋስከው ላይ ባሩ ነበረ ወይ? ስላልጻፍከው አልነበረም ብዬ ልገምት፣ ምክንያቱም ተውሶ ከቤት ቤት የሚዞር ማይክሮሜትር ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ባሩ ነው። ባር የሌለው ከ25 እስከ 50 ማይክሮሜትር ቁጥር ይሰጥሃል እንጂ ልክ አይሰጥህም፣ አንድ ቀን ከጠረጴዛ ወድቆ 0.03 ተዛብቶ ከሆነ ማንም አያውቅም።

ባር ከሌለህ ምን ታደርጋለህ? ለስራህ የሚበቃ ዘዴ ልንገርህ። 6200 የሚባለውን ትንሽ ኩሽኔታ ታውቀዋለህ፣ የውስጡ 10 የውጪው 30 ሚሊ ነው። የውጪው ዲያሜትር በኖርማል ክላስ ከ29.991 እስከ 30.000 ነው የሚሰራው፣ ማለትም 9 ማይክሮን ብቻ ነው የሚለያየው (ማይክሮን የሚሊ ሺህኛ ነው፣ 0.001)። አዲስ፣ ከምታምነው ሰው የተገዛ፣ ስሙ የታወቀ ፋብሪካ የሰራው 6200 ወስደህ ዘይቱን ጠርገህ የቀለበቱን መሀል ለካው፣ ጠርዙ ላይ አይደለም እዛ ጋ ክብ ተደርጎ ተበልቷል። ማይክሮሜትሩ 29.99 እና 30.00 መሀል ካለ ጤነኛ ነው። 29.97 ወይ 30.03 ካለ ደግሞ ስንት እንደሚሳሳት አወቅክ፣ ያንን ከምታነበው ላይ ትደምራለህ ወይ ትቀንሳለህ። ዋናው ጥቅሙ ምን መሰለህ፣ ያጣራኸው 25 ላይ ሳይሆን 30 ላይ ነው፣ ልክ የምትሰራበት ቦታ ላይ። ያረጀ ማይክሮሜትር ብሎኑ እኩል አይበላም፣ 25 ላይ ትክክል ሆኖ 30 ላይ ሊዋሽ ይችላል፣ ቶርኖ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሌ አንድ አይነት ሳይዝ ስለሚሰራ የሚበላው እዛው ቦታ ነው።

ስለዚህ ያንተ 29.98 እውነተኛ 29.98 ከሆነ ኩሽኔታው ከ0.01 እስከ 0.02 ሰፍቶታል፣ በእጅ ገብቶ ቀበቶው ሲጎትተው መዞሩ የሚጠበቅ ነው። ማይክሮሜትሩ አሳንሶ የሚያነብ ከሆነም ሻፍቱ 29.99 ሊሆን ይችላል፣ እሱም ቢሆን አያድንህም። እንዳንተ ቀበቶ እየጎተተው ሻፍቱ ሲዞር ቦታው ኬ6 የሚባለው ቶለራንስ (የተፈቀደው ትንሹና ትልቁ ልክ) ነው የሚፈለገው፣ ለ30 ሚሊ ሻፍት ከ30.002 እስከ 30.015። አየህ፣ ጠቅላላ የመጫወቻ ሜዳህ 13 ማይክሮን ነው። ዲጂታል ካሊፐር በጣም ጥሩ የሚባለው ራሱ አምራቹ ጽፎ የሚሰጥህ ስህተት ሲደመር ሲቀነስ 0.02 ነው፣ ማለትም 20 ማይክሮን ወዲህ 20 ማይክሮን ወዲያ። ስክሪኑ 0.01 ስላሳየ 0.01 ያውቃል ማለት አይደለም፣ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የመለኪያው ስህተት ከቶለራንሱ ሲበልጥ እኮ እየለካህ አይደለም፣ እየገመትክ ነው።

ደግሞ አንድ ያልጻፍከው ነገር አለ፣ እኔ ግን እጠረጥራለሁ። ሻፍቱን መቼ ነው የለካኸው? ቶርኖው እንደቆመ እዛው ቻኩ (እቃውን የሚይዘው የቶርኖ ራስ) ላይ እንዳለ ከሆነ ትኩስ ነበር። ብረት በያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሜትር ወደ 11.5 ማይክሮን ይለጠጣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል ግን አስላው፣ 30 ሚሊ ሻፍት ከመለኪያው በ30 ዲግሪ ከሞቀ 10 ማይክሮን ይወፍራል። ትኩስ ሆኖ 30.010 ብለህ "ልክ ገባ" ብለህ ቶርኖውን አጠፋህ፣ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ 30.000 ሆኗል፣ ከኬ6 ወጥቷል፣ ማንም አልነካውም። ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳያደርጉ የሚሰሩ ቶርኖ ቤቶች ላይ ይሄ የየቀኑ ነገር ነው። እና እኔ የምልህ፣ የመጨረሻው ፊኒሽ ሲቀርህ አንድ ሁለት አስረኛ ሚሊ ትተህ አቁም፣ ይቀዝቅዝ፣ እጅህን ስታሳርፍበት እንደ ቶርኖው አልጋ እስኪቀዘቅዝ፣ ከዛ ለካና የመጨረሻዋን አንሳ።

እዚህ ላይ ሰዎች 20 ዲግሪ 20 ዲግሪ ሲሉ ትሰማለህ፣ እውነት ነው፣ የርዝመት ልክ የሚባለው ሁሉ 20 ዲግሪ ላይ እንዲሆን ከ1931 ጀምሮ በአለም አቀፍ ደረጃ የተስማሙበት ነው። ግን አዳማ ላይ ቤትህ 30 ዲግሪ ስለሆነ አትጨነቅ፣ ኤሲ አትግዛ። ሻፍቱም ብረት ማይክሮሜትሩም ብረት ኩሽኔታውም ብረት ነው፣ ሶስቱም አንድ ላይ 30 ዲግሪ ላይ ከሆኑ አብረው ስለሚለጠጡ ልዩነቱ ይጣፋል። ችግር የሚመጣው አንዱ ከሌላው ሲሞቅ ነው፣ ሻፍቱ ትኩስ፣ ወይ ማይክሮሜትሩ በር ላይ ፀሀይ ሲመታው የዋለ፣ ወይ አንተ ራስህ ለረጅም ሰአት በባዶ እጅህ ፍሬሙን ጨብጠህ ያሞቅከው። ፍሬሙ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ለጌጥ አይደለችም፣ እሷን ነው የሚያዘው። አልሙኒየም ከሆነ ግን ሂሳቡ ይቀየራል፣ አልሙኒየም እንደ ብረት እጥፍ ነው የሚለጠጠው፣ ስለዚህ ፒስተን የምትለካ ከሆነ ቤቱ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ ማሰብ አለብህ።

ካሊፐሩ ለምን 30.02 እንዳለ ማወቅ ከፈለግክ፣ ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሌላው ትልቁ ጥርጣሬዬ አያያዝህ ነው። ካሊፐሩን ከሻፍቱ ጋር ቀጥ አድርገህ ካልያዝከው አስፍቶ ነው የሚያነብልህ። መንጋጋው 3 ሚሊ ውፍረት ቢኖረው፣ ግማሽ ዲግሪ፣ በአይን የማትለየው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ብታጣምመው 30.00 የሆነው ሻፍት 30.027 ይልሃል። ስለዚህ ቀስ ብለህ ወዲህ ወዲያ እያወዛወዝክ ትንሹን ቁጥር ፈልግ፣ ለውጪ ዲያሜትር ሁሌ ትንሹ ነው እውነተኛው። በሌላ በኩል ደግሞ በጣም ከጨመቅከው ያሳንሳል፣ ምክንያቱም የሚሄደው መንጋጋ ጫፉ ላይ ወደ ውጪ ያጋድላል። ይሄንን ኤርነስት አቤ የሚባል ጀርመናዊ፣ ከዛይስ የሌንስ ፋብሪካ ጋር የሰራው ሰውዬ፣ በ1890 ነው በግልጽ ያስቀመጠው፣ የሚለካው እቃና ስኬሉ አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ትንሿ ማጋደል ሁሉ ስህተት ሆና ትገባለች። ካሊፐር ላይ ስኬሉ ከላይ ነው እቃው ከታች፣ ማይክሮሜትር ላይ ግን ብሎኑና እቃው አንድ መስመር ላይ ናቸው። ሰው ማይክሮሜትር ይበልጣል የሚለው ውድ ስለሆነ አይደለም በዚህ ነው። እና ካሊፐር ስትጠቀም እቃውን ወደ ስኬሉ ጠጋ አድርገህ አስገባው፣ ጫፉ ላይ አትለካ።

የማይክሮሜትር አያያዝ ብዙ አልልህም። ከ0 እስከ 25 ያለው ከሆነ ሁለቱን ፊቶች ንጹህ ነጭ ወረቀት ላይ ለስለስ አድርገህ ዝጋቸውና ወረቀቱን ጎትተህ አውጣው፣ ቆሻሻው ይወጣል፣ የማይዘጋውን ፊቶቹን በወረቀቱ ጥረጋቸው፣ በኮምፕሬሰር አትንፋው፣ ብናኙን ወደ ብሎኑ ነው የምታስገባው። ጫፉ ላይ ያለችውን ራቼት ተጠቀም፣ ቀስ ብለህ ቀርበህ ሁለት ሶስቴ ጠቅ ጠቅ ሲል አቁም። በፍጥነት አዙረህ ካስመታኸው ራቼቱም አይረዳህም፣ ጉልበቱ ቀድሞ ገብቷል። ከበሮውን ይዘህ እንደ ሞርሳ የምታጠብቅ ከሆነማ ምኑን ለካኸው። እና ሶስቴ ለካ፣ እያወጣህ እያስገባህ፣ ሶስቱ በ0.01 ውስጥ ካልተገናኙ አንዱን መርጠህ አትመን፣ እጅህ ወይ ቆሻሻ ነው፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክል። የሚዘጋውን ስታስቀምጠው ደግሞ ፊቶቹን አጥብቀህ አትዝጋ፣ ትንሽ ክፍት ተወው።

አንድ ቦታ ብቻ ለክተህ ከሆነም ስህተት ነው። የኩሽኔታው ቦታ 16 ሚሊ ስፋት አለው፣ ከሁለቱ ጫፍ ጠጋ ብለህና መሀሉ ላይ ለካ፣ ከዛ ሻፍቱን ሩብ አዙረህ ድገመው። ያረጀ ቶርኖ ኮን አድርጎ ይቆርጣል፣ ባንድ በኩል 30.01 በሌላ በኩል 29.99። አንዳንዴ ደግሞ ማይክሮሜትሩ ዙሪያውን አንድ አይነት ያነባል ግን እቃው ክብ አይደለም፣ ሶስት ጎን የያዘ ክብ ማለት ነው፣ ተቃራኒ ሁለት ነጥብ የሚይዝ መሳሪያ ሁሉ ይሄንን አያይም። ከጠረጠርክ ቪ ብሎክ (ቪ ቅርጽ የተቆረጠ ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጠህ ዲያል ኢንዲኬተር (መርፌ ያለው መለኪያ) ከላይ አድርገህ አዙረው፣ መርፌው ይነግርሃል።

ስለ ፊኒሹ ደግሞ ልጨምር ምክንያቱም ብዙ ሰው ይዘለዋል። በሻካራ ፊድ (ቱሉ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ሲበዛ) የተቆረጠ ሻፍት ፊቱ ላይ ተራራና ሸለቆ አለው፣ ማይክሮሜትር የሚነካው ተራራውን ነው። 30.010 ብሎ አነበበልህ፣ ኩሽኔታውን በፕሬስ ስታስገባው ተራራዎቹ ይላጫሉ፣ የቀረው 30.000 ነው ወይ ከዛ በታች። መለኪያው አልዋሸም፣ ፊቱ ነው የዋሸህ። ለኩሽኔታ ቦታ አርኤ (የፊት ሻካራነት መለኪያ) 0.8 ማይክሮን አካባቢ ነው የሚመከረው፣ በጥሩ ቱልና በቀጭን ፊድ ቆርጠህ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አድርገህ ከዛ ነው መለካት፣ ለክተህ ከዛ ወረቀት ብታደርግበት ሌላ ሳይዝ ሆነ ማለት ነው።

የኩሽኔታ ቤቱን (ኩሽኔታው የሚገባበትን ቀዳዳ) አልጠየቅክም ግን ያንንም በካሊፐር ለክተህ እንደሆነ ተመልከተው። የ6206 ውጪ 62 ሚሊ ነው፣ ቤቱ በኤች7 (የቀዳዳ ቶለራንስ) ከ62.000 እስከ 62.030 ነው። የካሊፐሩ የላይኛዎቹ ትናንሽ መንጋጋዎች ለቀዳዳ ሲሆኑ ትልቁን ቁጥር ነው የምትፈልገው፣ የውጪው ተቃራኒ፣ እና መንጋጋዎቹ ጫፋቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ትናንሽ ቀዳዳዎችን አሳንሰው ያነባሉ። ትክክለኛው ዲያል ቦር ጌጅ (መርፌ ያለው የቀዳዳ መለኪያ) ነው፣ በማይክሮሜትር 62.00 ላይ አስተካክለህ አስገብተህ ወዲህ ወዲያ ታወዛውዘዋለህ፣ መርፌው ሄዶ የሚመለስበት ነጥብ ላይ ታነባለህ። እሱ ከሌለህ ቴሌስኮፒክ ጌጅ (ቀዳዳው ውስጥ ተዘርግቶ ኋላ በማይክሮሜትር የሚለካ) በርካሽ ይገኛል፣ እጅ መልመድ ይፈልጋል እንጂ ይሰራል።

ምን ልግዛ ላልከው፣ ሀብታም ካልሆንክ በቅደም ተከተል ልንገርህ። መጀመሪያ ስታንዳርድ ባሩ ያልጠፋ ከ25 እስከ 50 ማይክሮሜትር፣ የሜካኒካል፣ ዲጂታል ምናምን አትፈልግ፣ ባትሪ አያስፈልገው። ከዛ ከ0 እስከ 25። ካሊፐር አለህ፣ የሚበቃህ እሱ ነው፣ ስክሪኑ መብለጭለጭ ከጀመረ ባትሪውን ቀይር ምክንያቱም ባትሪ ሲደክም ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር የሚያሳይ አለ። መርካቶ ሄደህ ሚቱቶዮ (የታወቀው የጃፓን መለኪያ ፋብሪካ) የሚል ጽሁፍ አይተህ ወዲያው ብር አታውጣ፣ ያ ስም በብዛት ነው የሚኮረጀው። ሱቁ ውስጥ እዛው ፈትን፣ ስፒንድሉ (የሚሄደው ዘንግ) ከጫፍ ጫፍ ሳይከብድ ሳይላላ እኩል ይዞራል ወይ፣ በባሩ ዜሮ ይላል ወይ፣ ፊቶቹ ላይ ጭረት አለ ወይ፣ ኪስህ ውስጥ 6200ውን ይዘህ ሂድና በእሱም ሞክረው። ባለሱቁ አይለካም ካለህ ሌላ ሱቅ አለ። ያገለገለ ግን ደህና ፋብሪካ የሰራው ከአዲስ ስም የለሽ ይሻላል የሚለው የኔ ሀሳብ ነው፣ የማይስማሙ አሉ። ስራህ ሲያድግና ፋብሪካ ደንበኛ ስትይዝ ደግሞ ሰርተፍኬት ይጠይቁሃል፣ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ስነ ልክ ኢንስቲትዩት ካሊብሬሽን (መለኪያን የማጣራት ስራ) ይሰራል፣ አንዱን መሳሪያ ወይ አንድ ባር እዛ አስለክተህ ሌሎቹን በእሱ ማጣራት ትችላለህ።

ያንን የተመለሰውን ሻፍት በተመለከተ፣ እባክህ በፓንች (በሹል ብረት) ቀጥቅጠህ አሳብጠህ አትስጠው፣ ሁሉም ሰፈር ይሰራል አውቃለሁ፣ ኩሽኔታው የሚቀመጠው ነጥቦቹ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ በሳምንት ይላላል ይባስ ብሎ ሻፍቱን ያጣምምብሃል። ወይ በብየዳ ሙላውና እንደገና ቁረጠው፣ ካሞቀው በኋላ መጣመሙን በዲያል እያየህ፣ ወይ አዲስ ስራለት፣ ለአጭር የወፍጮ ሻፍት አዲሱ ይቀላል ባይ ነኝ። በቀዝቃዛው 30.008 አካባቢ ላይ አነጣጥር፣ ግራ ቀኝ ብትስት ኬ6 ውስጥ ነህ። ማይክሮሜትርህ 0.01 ብቻ ካሳየህ መስመሩ 30.01ን ሊነካ ሲል ማለት ነው። ኩሽኔታውንም አዲስ አድርገው፣ ሻፍት ውስጡ የዞረበት ቀዳዳው ተበልቷል፣ ቁጥሩ አሁን ያልኩህ አይደለም።

6200ውን ለክተህ ማይክሮሜትሩ ስንት እንዳነበበ ጻፍልኝ፣ ካስቸገረህ የእጀታውን ፎቶ ቀጥ ብለህ ከፊት አንሳው እንጂ ከጎን አታንሳው፣ ከጎን ሲታይ መስመሩ ይሸሻል።